የዳልጮ ቦታ

ለሞተ ሰው ከ«በድሩና ልጆቹ» ዱቄት ፋብሪካ የበለጠ ደግ አሠሪ በወላይታ ምድር ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። ሠራተኛው እስትንፋሱ እስካለች ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ የወጣች ዕለት ግን እንደ እናት ልጅ ያለቅሱለታል። ድንኳኑ ከፋብሪካው ግቢ ተጭኖ ይመጣል። አይሱዙው ለቀስተኛውን ገሱባም ይሁን ሃላሌ፣ መንገዱ ጭቃ ይሁን ገደል፣ ጭኖ ያደርሳል። በሬው ከነነፍሱ ይላካል፤ ሀጂ በድሩ ሙስሊም ናቸውና «አራጁ ከእናንተው ይሁን፣ እኛ ገመዱን ብቻ ነው የምናቀብለው» ይላሉ። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው ጫማቸውን አውልቀው ከለቀስተኛው ጋር ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ፤ የሟችን ስም እየጠሩ እውነተኛ እንባ ያነባሉ። በዚህ ማንም አይጠረጥራቸውም።

በቁሙ ላለ ሰው ግን ሌላ ነው። የዱቄቱ ብናኝ ሳንባችንን ጨረሰው፣ የአፍ መሸፈኛ ይገዛልን ያለ ሠራተኛ «ፎጣ ጠምጥም» ተብሏል። ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ መኪና አውሱኝ ያለው ደግሞ አይሱዙዋ ቆማ እያያት በእግሩ ሮጧል። ሀጂ ክፉ ሆነው አይደለም። ዕድርን አይተው ነው ድርጅታቸውን ያቋቋሙት፤ ዕድር ደግሞ የሚያውቀው የሞተን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ደግነት የሚበልጠው ግን አንድ ነገር ነበር። ድሮ፣ ወፍጮው ገና አንድ ሳለ፣ አንድ ተሸካሚ የጆንያ ክምር ተንዶበት ሞተ። ሀጂ በቀብሩ ላይ ቆመው «የሟች ቦታ የልጁ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞተ ሠራተኛ ልጅ በአባቱ እግር ይገባል። እያደር የሀጂ አፍ እየሰፋ ሄዶ ጡረታ የሚወጣውንም «በል እንግዲህ ልጅህን ላክልኝ» ማለት ጀመሩ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመበትም። ባለ ዲግሪው ሁሉ የሰው ባጃጅ በሚነዳበት በሶዶ ከተማ ግን ይህች የአፍ ቃል ከመሬት ትበልጥ ነበር።

ዳልጮ የዚህ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነው። በጉርምስናው ተሸካሚ ሆኖ ገባ፤ ጀርባው ሲጎብጥ ቁልፍ ሰጡት። ጀርባው ይጉበጥ እንጂ አፉ አልጎበጠም፤ ሠራተኛው አንድ ነገር ሲፈልግ «ዳልጮ ይናገርልን» ነው የሚለው። ቤቱ ከዱቦ ወጣ ብሎ፣ በእንሰት የተከበበ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሶዶ ይወርዳል፣ ማታ ዱቦ ላይ ወርዶ ጭቃውን እያቦካ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ዓመት የተመላለሰው ለራሱ አልነበረም፤ አሁን አሁን በተለይ ለባርኮት ነበር።

ባርኮት አንድ ልጁ ነው። እዚያው ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአካውንቲንግ ተመረቀ፤ ጋውን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ እሱም ከፎቶው ሥር ቁጭ አለ። ሥራ የለም። እኩዮቹ አንድ በአንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። የቀናው ከጆበርግ ጫማ ይልካል፤ ያልቀናው የለቅሶ ድንኳን ያስተክላል። የዳልጮ ሚስት ፈጠነች የእህቷን ልጅ በዚሁ መንገድ አጥታለች። ልጁ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ ሞተ አሉ፤ ሬሳው እንኳ አልመጣም፤ ሸሚዙን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ባርኮት ስልክ ይዞ ወደ ጓሮ ዞር ካለ ፈጠነች የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ቤቱ ውስጥ ያለው ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ ዳልጮ በመጪው መስከረም ጡረታ ይወጣል፣ ባርኮት በቦታው ይገባል፣ ያ መንገድ ይረሳል።

ይህን ተስፋ ያበላሸው ሌላ ማንም አይደለም። ራሱ ዳልጮ ነው።

ሀጂ ደከሙና ፋብሪካውን ለልጃቸው ለሀኒያ አስረከቡ። ሀኒያ አዲስ አበባ ማኔጅመንት ተምራ የመጣች፣ ረጋ ያለች፣ ሰው የማታመናጭቅ ልጅ ናት። «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በፖሊሲ ነው የሚሄደው። እናንተ ምን እንዲካተት ትፈልጋላችሁ?» ብላ ተወካዮቹን ሰበሰበች። አሁን እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ዳልጮ ግን ተነሳ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የልጆቻችን ነገር ይጻፍልን። የአፍ ቃል ነፋስ ነው። ሀጂ ነገ ከነገ ወዲያ ቢያልፉ ማን ይመሰክርልናል?» አለ።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጋሼ ዳልጮ» አለች ሀኒያ፣ እውነትም ደስ ብሏት።

የዚያን ዕለት ሚኒባስ ውስጥ አገር የገዛ መስሎት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ፖሊሲው አልቆ ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ሀኒያ በድምፅ ማጉያ አነበበችላቸው። ድንኳኑ ጸደቀ። አይሱዙው ጸደቀ። በሬውም ጸደቀ። ከዚያ «ጡረታ ሳይወጣ በሞት የተለየ ሠራተኛ ካለ አንድ ልጁ በቅድሚያ ይቀጠራል» አለች። ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። መጀመሪያ ያጨበጨበው ዳልጮ ነበር።

ባዳቾ የሚባል የፋብሪካው ሚዛን ሠራተኛ እጁን አወጣ። የዳልጮ ወዳጅ ነው፤ አብረው ገቡ፣ አብረው ጎበጡ። «ጡረታ የሚወጣውስ ልጅ?» አለ።

«ጡረታ የሚወጣ ሰው እኮ አለ» አለች ሀኒያ ፈገግ ብላ። «ይሄ ጥቅም አባት ላጣ ቤተሰብ መቋቋሚያ ነው። አባት ካለ ልጁን ራሱ ይረዳል። የሁሉንም ልጅ ከቀጠርን ፋብሪካ መሆናችን ቀርቶ ሠርግ ቤት እንሆናለን።»

ሠራተኛው ሳቀ፤ አለቃ ሲቀልድ ይሳቃልና። ዳልጮ እጆቹ ለጭብጨባ እንደተዘጋጁ ቀሩ።

በማግስቱ ቢሮዋ ገባ። ሀኒያን ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ መጋዘን ለመጋዘን ያዞራት ነበር፤ ያኔ «አንቺ ቀዥቃዣ» ይላት ነበር። አሁን ምን ብሎ እንደሚጠራት ጠፋው።

«ሀኒ... እርስዎ... የእኔ ጡረታ ደርሷል። ባርኮት ተምሯል፣ ታውቂዋለሽ... ያውቁታል። እንደ ድሮው ቢሆንልኝ ብዬ ነው።»

ሀኒያ ተነስታ ወንበር ሳበችለት። ሻይ አስመጣችለት። «ጋሼ ዳልጮ፣ እርስዎ ለእኔ አባት ነዎት። ግን ፖሊሲ ለሁሉም እኩል ነው። ዛሬ ለእርስዎ ከከፈትኩ ነገ ለጋሼ ባዳቾ ምን እላለሁ? ደግሞስ ይጻፍ ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

«ነኝ።»

«አዩ! እኔ የእርስዎን ሐሳብ ነው ያስከበርኩት።» ከዚያ ወደ በሩ እየሸኘችው፣ «ይልቅ ጤናዎን ይጠብቁ። ለመስከረም በደህና እንዲደርሱልን ነው የምንፈልገው። ኬክም ጋቢም አዘጋጅተናል» አለችው። ከልቧ ነበር። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንኳ ይረግማት ነበር፤ በምን አፉ ይርገማት?

ሀጂ ዘንድም ሄደ። ሀጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ ጠብቆ ነገራቸው። ሽማግሌው እጁን ያዙት። «ልጆቹ ናቸው አሁን፣ ዳልጮ። እኔን ማን ይሰማኛል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ዳልጮ ራሱ አጽናንቷቸው ተመለሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቤቱ ሲደርስ ለፈጠነች ነገራት። ፈጠነች ለእራት የሚቀቀል ቦዬ እየላጠች ነበር። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። «ጡረታ ሳይወጣ የሞተ ነው ያለችው?» ብላ ጠየቀች። «አዎ» አላት። ቦዬዋን መላጧን ቀጠለች።

ሐምሌ ላይ አብርሃም ሞተ። አብርሃም የፋብሪካው ዘበኛ ነበር፤ ከዳልጮ ጋር እኩል ጡረታ ሊወጣ የተጠባበቀ ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ በልቶ ዘበኛ ቤቷ ውስጥ ጋደም እንዳለ ቀረ። ድንኳኑ መጣ፣ በሬው መጣ፣ ሀጂ አለቀሱ። አርባው ሳይወጣ ልጁ አገርነሽ ሒሳብ ክፍል ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሠፈሩ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባት ማለት እንዲህ ነው! ልጁን አስገብቶ ሞተ» አለ። እንደ ጀግና አወሩለት። አንዳንዱማ አብርሃም አውቆ ያደረገው ይመስል ራሱን እየነቀነቀ አደነቀ።

ከቀብሩ ሲመለሱ ፈጠነች ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ዞር ሳትል፣ «የአብርሃም ሚስት የታደለች ናት» አለች።

«ባሏ የሞተባት?»

«ልጇ የገባላት።»

ዳልጮ ጭቃውን እያየ ተከተላት። ያን ምሽት እራቱን ስታቀርብለት ሰረቅ አድርጋ ስታየው ያዛት። ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሰው እንደሚያየው ነበር ያየችው፤ ክብደቱን፣ አተነፋፈሱን፣ ጥርሱን። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አፈረች። እሱም አፈረ። ያልሞተበት ምክንያት የእሱ ስንፍና ይመስል አፈረ።

ፋብሪካም ውስጥ ቀልዱ ተጀመረ። «አንተ ሰውዬ፣ ቀኑ እየሄደብህ ነው እኮ!» ይለዋል ባዳቾ ሚዛኑ ላይ ቆሞ። ተሸካሚው ሁሉ በሳቅ ይፈነዳል። ዳልጮም ይስቃል። «ቸኩለህ ነው? አንተ ቅደመኝ!» ይላል። ስቀው ሲጨርሱ ግን አንዱም ወደ ሌላው አያይም። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያወቁት አብረው ነው።

ባርኮት በዚህ ሁሉ ውስጥ አልነበረም። ገሱባ ላይ ዝንጅብል ከገበሬ እየሰበሰበ ለነጋዴ የሚያቀብል ጓደኛ ነበረው፤ እሱን ሊያግዝ ሄዶ ሳምንት ሁለት ሳምንት እዚያው ይቆያል። ለመንገዱ ስንቅ እያጠራቀመ እንደሆነ ፈጠነች ታውቃለች። ዳልጮም ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነሐሴ ሲጋመስ ዳልጮን ዝናብ መታው። ስንዴ የጫነ መኪና መጥቶ ሸራው ተቀዶ ነበር፤ ስንዴው እንዳይበላሽ ከተሸካሚዎቹ ጋር ሲያራግፍ ዋለ። በማግስቱ ሳል ጀመረው። ሳሉ ወደ ውጋት፣ ውጋቱ ወደ ትኩሳት ተለወጠ። ዓመት ዓመት ሲጠጣው የኖረው ብናኝ ሳንባው ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ይመስል አብሮ ተነሳበት። ከአልጋው መውረድ አቃተው።

ዱቦ ሆስፒታል ከቤታቸው ቁልቁል ነው፤ ደህና ሰው ጨዋታ ሳይጨርስ ይደርሳል። ፈጠነች ነጭ ሽንኩርት ቀቀለች። ማር ፈልጋ አመጣች። ላቡን ጠረገችለት። ዱቦን ግን በአፏ አላነሳችም። ባርኮት ሲደውል «አባትህን ጉንፋን ነገር ይዞት ነው፣ ደህና ነው» አለችው። ዳልጮ ይህን ጋደም ብሎ ሰማ። መጀመሪያ ልጁ እንዳይደነግጥ ብላ ነው አለ በልቡ። ቀጥሎ እንዲህ ማለት አቃተው።

ባዳቾ ሙዝና ስኳር ይዞ ሊጠይቀው መጣ። የዳልጮን አተነፋፈስ እንደሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ይሄ እኮ ዱቦ የሚያስሄድ ነው» አላት።

«ዝናቡ ያባራ ብዬ ነው» አለች ፈጠነች።

«ሀኒያን መኪና ስጪን ብዬ ለምኛት ነበር። መኪናው ለቀብር ነው የተፈቀደው፣ ለታመመ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው አለችኝ። ግን ቃሬዛም ቢሆን...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ፈጠነችን አያት። መሬት መሬት ታያለች። ባዳቾ ሞኝ አይደለም። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጡረታው ከመስከረም አንድ ነው አይደል?» አላት።

«ከመስከረም አንድ።»

«ጦሲ ያውቃል» አለ ባዳቾ። እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው። ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ዳልጮ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ሰማ። የአርባ ዓመት ወዳጁ ነበር። ሊጠራው አሰበ፤ ድምፅ አላጣም፤ ጠርቶ ምን እንደሚለው ነው ያጣው። አልጋው ላይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያለውን የባርኮትን ፎቶ አየ። ከዚያ ያ የፈጠነች እህት ልጅ ሸሚዝ ታየው፤ ባዶ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ እናቱ እጅጌውን ይዛ። እኔ ከዚህ በኋላ ምን እሠራለሁ? አለ። ጋቢ ለብሼ አጥር ሥር ልቀመጥ ነው። ቆጥሮ ቆጥሮ ልክ ሆኖ አገኘው።

«የባርኮት እናት» አለ።

«አቤት።»

«ሐኪም ቤት አልሄድም። ማንም ቢመጣ እሱ ራሱ እምቢ አለ በይ።»

ፈጠነች እጇ ላይ የነበረው ጣሳ ወደቀ። መሬት ላይ ተንበርክካ እጁን ያዘችና ሳመችው። መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ የእጁን ጀርባ ሳመች፤ እንባዋ ክንዱ ላይ ፈሰሰ። «ጎዳው» አለች በወላይትኛ፤ ጌታዬ ማለቷ ነው፤ «እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ አድርጋ አመስግናው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት፣ ለማመን ቢከብድም፣ በትዳራቸው ውስጥ ያሳለፏቸው ምርጥ ቀናት ነበሩ። ፈጠነች ለዘመን መለወጫው ለግፋታ ያስቀመጠችውን ቅቤ አወጣች። ሙቿ ሠራችለት፤ በቅቤ የታሸ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ለበዓል እንጂ ለተራ ቀን አይሠራም። በጣቷ እየቆረሰች አጎረሰችው። አጠገቡ ተቀምጣ ባርኮት ሲገባ ምን እንደምታደርግ አወራችው፤ ነጭ ሸሚዝ እንደምትገዛለት፣ ሶዶ ቤት እንደሚከራይ፣ ሚስት እንደሚያገባ። ዳልጮ ይሰማል፤ አንዳንዴም «ዋዱ አካባቢ ቤት ይወደዳል» ብሎ ያርማታል። ስለ ሦስተኛ ሰው ሠርግ የሚያወሩ ይመስላሉ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ፀጥ ትላለች፣ ትጠብቃለች። ሲመለስ ደግሞ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አንድ ከሰዓት ባርኮት ሳይደውል ከገሱባ ከች አለ። ጭቃ የጠጣ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ያንን አተነፋፈስ ሰማ። ገብቶ አባቱን አየ። ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ፈጠነች የዳልጮን ጋቢ ወደ ላይ ሳበችለት።

«ዱቦ እዚህ አይደል እንዴ! ለምን አልወሰድሽውም?»

«እሱ ራሱ አልሄድም አለ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ ዳልጮ ከአልጋው።

ባርኮት እናቱን አየ፣ አባቱን አየ። አልጋው አጠገብ ያለውን የበዓል ሙቿ አየ። ስለ ፖሊሲው ሰምቷል፤ ሶዶ ውስጥ ያልሰማ የለም። ቀስ በቀስ ገባው። ከዚያ ሳቀ፤ እንዲህ ዓይነት ሳቅ ከልጃቸው አፍ ሰምተው አያውቁም።

«እና እኔ ሥራ የምጀምረው መቼ ነበር? ከሠልስት በኋላ?»

«ዝም በል!» አለች ፈጠነች። «በዚያ መንገድ ሄደህ እንደ አክስትህ ልጅ ከምትቀር... እኔ ሸሚዝ ዘርግቼ አላለቅስም! አላለቅስም!»

ባርኮት አባቱን በጋቢ ጠቀለለው፣ ጎንበስ ብሎ ጀርባው ላይ አዘለው። ፈጠነች በሩን በሁለት እጇ ዘግታ ቆመች።

«ጳጉሜ እስኪገባ ብቻ ተወው፣ ልጄ» አለች። ድምፅዋ የልመና ነበር፤ የለመነችው እንኳ ምን እንደሆነ ለራሷ የተሰማት አይመስልም። «እሱም ፈቅዷል። ጠይቀው። ፈቅዶ ነው።»

«ዞር በይ፣ እማዬ።»

በትከሻው ገፋ አድርጓት ወጣ።

ዝናቡ አላባራም። መንገዱ ቁልቁል፣ ግራና ቀኙ እንሰት፣ መሬቱ ሳሙና። ባርኮት በባዶ እግሩ እየተንሸራተተ ይሮጣል። ፈጠነች ከኋላቸው እያለቀሰች፣ «መልሰው፣ መልሰው» እያለች ትከተላለች። ዳልጮ አፉን ወደ ልጁ ጆሮ አስጠጋ።

«ታ ናዓው፣ ልጄ፣ አውርደኝ» አለ። «ወድጄ ነው። ላንተ ብዬ ነው። አውርደኝ።»

«ዝም በል፣ አባ።»

«አውርደኝ እያልኩህ!»

ይህን እያለ አንድ ነገር ተሰማው። ዝናቡ ፊቱን ሲመታው ጣፈጠው። የልጁ ጀርባ ሞቀው። ባርኮትን ሲያንሸራትተው የሚወድቅ መስሎት ነፍሱ ጮኸች። መኖር ፈለገ። ጋቢ ለብሶ አጥር ሥር መቀመጥ ፈለገ፤ ምንም ሳይሠራ፣ ለማንም ሳይጠቅም፣ ዝም ብሎ መኖር ፈለገ። አፉ «አውርደኝ» ማለቱን አላቆመም፤ ሁለት እጆቹ ግን የባርኮትን አንገት አንቀው ያዙ። ባርኮት ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ አጥብቀው ያዙ። ከኋላ የፈጠነች ጩኸት በድንገት ቆመ። ሆስፒታሉ በር ድረስ ዝም ብላ ተከተለቻቸው።

የሳንባ ምች ነው አሉ ሐኪሞቹ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ተረባረቡበት። ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ወጉት፤ ጳጉሜ ሲገባ እንቁላል ጠየቀ።

መስከረም አንድ መጣ። ፋብሪካው ኬክ ቆረሰ። ሀኒያ ጋቢውን በእጇ አለበሰችው። «አዩ ጋሼ፣ ጤናዎን ይጠብቁ ብዬ አልነበር? ይኸው በደህና ደረሱልን!» አለች፤ ዓይኗ በደስታ ያበራ ነበር። ሀጂ በድሩ አቅፈውት አለቀሱ። ባዳቾ ጨብጦት ወዲያው እጁን ሳበ፤ ኬኩን ሳይቀምስ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። የመጋዘኑን ቁልፍ የሀኒያ ወንድም የኢሊያስ ጓደኛ የሆነ ልጅ ተረከበ።

ባርኮት ግፋታን አልጠበቀም። ወላይታ ሁሉ ከያለበት ለበዓሉ ወደ አገሩ ሲጎርፍ እሱ ቦርሳውን አነገተ። ዳልጮ እግሩ ላይ ሊወድቅበት ነበር። ባርኮት ደግፎ አነሳው፣ ጉልበቱን ሳመው።

«አባ፣ አንተን ቀብሬ ከምቀመጥ አንተን አቁሜ ልሂድ» አለው። ቅሬታ አልነበረበትም። ልጁ ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

እናቱን ሲስማት እንደ እንጨት ቆመች። አላለቀሰችም። ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

ግፋታ ደረሰ። በየቤቱ በሬ ታረደ፣ ከአዲስ አበባም ከሀዋሳም የመጡ ልጆች ሳቅ በአጥር ላይ እየዘለለ ይገባል። ጎረቤት እየተፈራረቀ «እንኳን እግዜር ማረህ፣ ዳልጮ! ከሞት አፍ ነው የወጣኸው!» እያለ ጎበኘው። ፈጠነች ከጓዳ «አሜን፣ አሜን» ትላለች።

እንግዳው ሲያልቅ ሥጋውን በዳጣ አቀረበችለት። አጠገቡ አልተቀመጠችም።

«ነይ እንብላ» አላት።

«አንተ ብላ።»

«ፈጠነች፣ እኔ እኮ እምቢ ብዬ ነበር። ስንት ጊዜ አውርደኝ አልኩት። ሰምተሻል። ከኋላችን ነበርሽ።»

ፈጠነች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው። ጥላቻ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀለው ነበር።

«አውርደኝ ስትል ሰምቻለሁ» አለች። «እጅህን ግን አይቼዋለሁ።»

ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለትና ወደ ጓዳ ገባች። ዳልጮ ትሪው ላይ አቀረቀረ። ከዚያ ርቦት ስለነበር በላ።